የጎረቤት ጎረቤት

ትርንጎ ስትሠራ ታንጎራጉራለች። በሚኒያፖሊስ የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት ላውንድሪ ውስጥ ማሽኑ ስለሚጮህ የሚሰማት የለም፤ ከወገራ ያመጣችውን ዜማ በራሷ ቃል ትሞላዋለች፦

ከዛፉ ሥር ቀረች ሰንበትን አክብራ፣
የመሸብኝ እኔ፣ እሷ ካምላክ ጋራ።

ዛፉ እውነተኛ ዛፍ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ቤተ እስራኤሎች በእግር ወደ ሱዳን ሲሰደዱ መሪው ቅዳሜም እንጓዝ አለ። እናቷ እማማ ጠጅቱ በሰንበት መንገድ አይሄዱምና ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። ትርንጎ ከሰዉ ጋር ሄደች፣ ከሱዳንም በስደተኛነት አሜሪካ ገባች፤ እናት ወደ መንደራቸው ተመለሱ።

አሁን፣ በ1983 ዓ.ም. ግንቦት፣ እማማ ጠጅቱ አዲስ አበባ ወርደው ከእስራኤል ኤምባሲ ደጃፍ ከሺዎች ጋር ተራ ይጠብቃሉ። ሊቀመንበሩ ከአገር ወጥተዋል፤ አማፂው ጦር ከከተማዋ ዳርቻ ደርሷል። ትርንጎ አንድ ነገር ብቻ ትፈልጋለች፦ ከተማዋ ሳትያዝ እናቷ ይውጡላት።

አንሶላ የሚተኩሰው የወሎው መንሱር በፊሊፕስ ሰፈር ኮሪደሩን ተሻግሮ ፊት ለፊቷ ይኖራል። አርብ ጁምዓ ሲሄድ መተኮሻውን እሷ ትይዝለታለች፤ ቅዳሜ ደግሞ የእሷን ሺፍት እሱ ይሸፍናል። ውላቸው ወረቀት ላይ አልሰፈረም። ሬዲዮ አድማጭ ነውና ይነዘንዛታል። ደርግ ከሞስኮም ከሃቫናም ጋር ተቃቅፎ ነበር፣ አሁን መሣሪያ ሲያጣ እስራኤልን አስታወሰ፤ የእናንተዎቹ እስራኤሎችስ እዚያ ቀይ ባሕር ላይ ምን ጠፍቶባቸው ነው፣ ይላታል።

«ጋሽ መንሱር፣ ጎረቤትህ ካልወደደህ የጎረቤትህን ጎረቤት ትወዳለህ። ወገን የሌለው ሕዝብ ሌላ ምን ያደርጋል?»

«እኔ ታዲያ የትኛው ነኝ?»

«አንተማ ሬዲዮህ ኮሪደሩን እንዳይሞላው በርህን ዝጋ እያልኩ የምለምንህ ነህ።»

ያን ቅዳሜ መንሱር የጠዋት ሺፍቷን ጨርሶ ሲመለስ የቤቱን በር ወለል አድርጎ ከፈተና ሬዲዮውን እስከ መጨረሻው ለቀቀው። ጆሮዬ ደክሞ ነው እንጂ ለማንም ብዬ አይደለም ሲል ለባዶው ኮሪደር ተናገረ። እሷ በሰንበት ሬዲዮ እንደማትነካ ያውቃል። ሬዲዮው አወራ፦ ከአርብ እስከ ቅዳሜ፣ ወንበራቸው በተነቀለ አውሮፕላኖች፣ አሥራ አራት ሺህ ሰው ወጥቷል።

ትርንጎ ደጃፏ ላይ ቆማ ሰማች፤ ግን አልሳቀችም። የእናቷ ተራ የደረሰው አርብ ከሆነ ደግ፤ ቅዳሜ ከሆነ ግን እናቷን ታውቃቸዋለች። አውሮፕላኑ እያገሳ እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ከአንድ ጥግ ሲቀመጡ ታያት።

እኩለ ቀን አልፎ ስልኳ ጮኸ። ወገራ ስልክ አልነበረም፤ በሰንበት ይነሣል አይነሣም ብሎ የወሰነ ቄስም የለም። እሷ ግን ገመዱ ውስጥ እሳት አለ ብላ ትታዋለች። ዓይኗ ኮሪደሩን ተሻገረ። መንሱር ሳይጠራ መጣና አነሣው።

ሰምቶ ሰምቶ ዞረ። «እናትሽ ናቸው። ከኢየሩሳሌም፣ ከአጎትሽ ልጅ ቤት። እዚያ ፀሐይ ጠልቃ ሰንበት ወጥቷል። ለምን ራሷ አታናግረኝም ይላሉ።»

ትርንጎ መስኮቱን አየች። የሚኒያፖሊስ ፀሐይ ገና አናት ላይ ናት።

መንሱር እዚህ አልመሸም እማማ አላቸው። እሳቸውም የሆነ ነገር አሉትና መንሱር ፈገግ አለ። ልጄ ስልኩን አንተ ያዝላት፣ ጆሮና አፍ ሰንበት አይሽሩም ብለውታል።

እጀታውን ጆሮዋ ላይ ያዘላት። እሷ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ሰማች። የእናቷ ተራ የደረሰው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ቄሱ ከመሰላሉ ሥር ቆመው የሰው ነፍስ ከሰንበት ይቀድማል፣ ግቡ አሉ፤ እማማ ጠጅቱም ገቡ።

«በሰንበት ሄድኩ ልጄ» አሏት። «ያን ጊዜም ከዛፉ ሥር አንድ ቄስ ቢኖር እሄድ ነበር።»

ለሰባት ዓመት እናቴ ሰንበትን ከእኔ አስበለጠች ስትል የኖረችው ትርንጎ ጆሮዋን ወደ እጀታው ይበልጥ አስጠጋች። መንሱር ክንዱ ሲዝል ስልኩን ወደ ግራ እጁ አዛወረው።