ባኞ ቤት ጠባቂዋ ቶኩዮ እና ባለጎራዴዋ ሴት

ቶኩዮ አንድ ጥያቄ ካደረባት እንቅልፍ አይወስዳትም። የተወለደችው ከሐር ሸማኔዎች ሰፈር ነው። ገና በልጅነቷ፣ ክሩ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ለማየት ከአባቷ የሽመና ዕቃ ሥር ገብታ ፀጉሯ ተጠምጥሞ ቀረና በመቀስ ቆርጠው አወጧት። «ሴት ልጅ ጥያቄ ካበዛች ባል አታገኝም» ቢሏትም አገኘች፤ ያውም ሰፈሩ ሁሉ እየከፈለ የሚታጠብበት ባኞ ቤት ያለው። ባሏ ማሳኪቺ ከጓሮ ሆኖ የገንዳውን እሳት ይማግዳል። እሷ ደግሞ በወንዶቹና በሴቶቹ ክፍል መካከል ካለው ከፍ ያለ መቀመጫ ላይ ተቀምጣ ሁለቱንም ወገን ትጠብቃለች። ማሳኪቺ ቃል ከአፉ የሚወጣው እንደ ጥርስ ተነቅሎ ስለሆነ የሱንም የራሷንም ወሬ የምታወራው እሷ ናት።

ባኞ ቤቱ ከኪዮቶ በስተምዕራብ፣ ከፊልም መሥሪያው ግቢ ጀርባ ነው። ቀን ሲሞቱ የዋሉ ሰዎች አመሻሽ ላይ ሊታጠቡ ይመጣሉ። ሰው ሁሉ ቤቱ ቴሌቪዥን ላይ ተተክሎ የቀረበት ዘመን ነበርና፣ ግቢው ተመልካች ለመሳብ ደምና ራቁት ገላ የበዛበት ፊልም መሥራት ጀምሯል። በረዶ በጣለበት የጥር ወር ደግሞ አንዲት ጎራዴ የታጠቀች ሴት ደም ስትመልስ የሚያሳይ ፊልም መቅረጽ ተጀመረ።

«ዛሬስ ማን ገደለህ?» አለችው ኩራሞቺን። ኩራሞቺ ዕድሜውን ሙሉ በጎራዴ ሲቆረጥ የኖረ ተዋናይ ነው።

«ያቺው ሴትዮ ናት፣ እትዬ። ትናንትም እሷ፣ ዛሬም እሷ።»

«ትናንት ገድላህ የለም እንዴ?»

«ጢም ቀጠሉልኝና ሌላ ሰው ሆኜ ሞትኩ።»

«ቆይ፣ ምን አድርገሃት ነው እንዲህ የጠመደችህ?»

«እኔ ምን አውቄ! በሩን በርግደህ ግባና ሙት አሉኝ። በርግጄ ገባሁ፣ ሞትኩ።»

«አባቷን ገድለውባት ነው» አለ አንዱ ከገንዳው ውስጥ።

«ባሏን ነው እንጂ! ገዳዩ እኔ አይደለሁ እንዴ?» አለ ሌላው።

«አንተማ ፈረስ ያዥ ነህ! ፈረሱ ካንተ የተሻለ ያውቃል» ብሎ የመጀመሪያው ሲመልስለት ባኞ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«በሉ መጀመሪያ ደማችሁን ታጠቡ!» አለች ቶኩዮ። «ውሃዬን የቀይ ባቄላ ሾርባ አታስመስሉብኝ!»

ሳቁ ለእሷ መልስ አልሆናትም። ሰው ያለ ምክንያት ይህን ሁሉ ወንድ አይፈጅም። ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች።

ከጥቂት ቀን በኋላ አንዲት ቀጭን ልጅ ወደ ሴቶቹ ክፍል ገባች። ክንዷ በልዟል፤ ጀርባዋ ላይ ለፊልሙ በቀለም የተሳለው ንቅሳት መሰል ዓሣ ብትፈትገው ብትፈትገው አልለቅ አላት። ቶኩዮ ወዲያው ገባት፤ ወንዶቹን ሁሉ የምትፈጀው ይቺ ናት። ስሟ ሳናዬ ነው። ቶኩዮ ከመቀመጫዋ ወርዳ፣ እጅጌዋን ጠቅልላ፣ የፀጉር ዘይት በጨርቅ አድርጋ ታሽላት ጀመር።

«የኔ ልጅ፣ የማንን ደም ነው የምትመልሽው?»

ሳናዬ ዞር ብላ አየቻትና ሳቀች። «እዚህ ግቢ ከገባሁ ይህን የጠየቀኝ ሰው እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት፣ እትዬ። የአባቴን ነው። ጀልባ አሻጋሪ ነበር፤ ማየት የሌለበትን አይቶ ገደሉት።»

«ምን አይቶ?»

«እሱን ዳይሬክተሩም ገና አልወሰነም።»

«ስትቆርጫቸውስ ምን ይሰማሻል?»

«ፍርሃት። የሰው ጆሮ እንዳልቆርጥ ብቻ ነው የምጸልየው።»

ፊልሙ ሲወጣ ቶኩዮ አንድ ቀን ባኞ ቤቱን ዘግታ ማሳኪቺን እየጎተተች ሲኒማ ቤት ሄደች። በሩ ላይ «ለአዋቂዎች ብቻ» የሚል ተለጥፏል። «እኛ ካልሆንን ታዲያ ማን ይሁን?» ብላ ገባች። አዳራሹን የሞሉት ወንዶች ናቸው። ኩራሞቺ በሩን በርግዶ ሲገባ «ውይ፣ የኛው ሰው!» ብላ ስትጮህ ተመልካቹ አጉረመረመባት። አባትየው ያየው ነገር የተሰረቀ የመንግሥት ወርቅ ሲሻገር እንደሆነ ስታውቅ ደረቷ ቀለል አላት።

ከዚያ ግን በታሪኩ መካከል፣ ምንም በማያስፈልግበት ቦታ፣ እነ ኩራሞቺ ሳናዬን ልብሷን ገፈፏት። ካሜራው ቀስ እያለ ላይ ታች አላት። አዳራሹ ሁሉ ዓይኑን ተከለባት። ቶኩዮ ከተዳረች ጀምሮ ራቁት ሰው ስታይ የኖረች ሴት ናት፤ አንድም ቀን አፍራ አታውቅም። ባኞ ቤት ውስጥ ሰው ይታጠባል እንጂ ማንም ማንንም አያይም። ያን ጊዜ ግን ፊቷ እንደ ማሳኪቺ ምድጃ ነደደ። ማሳኪቺ አንገቱን ደፍቶ «እንሂድ» አላት። ለሳናዬ ስትል እስከ መጨረሻው ተቀመጠች።

በማግስቱ ወንዶቹ ገንዳ ውስጥ ሳሉ ከመቀመጫዋ ሆና ጠየቀቻቸው። «ልጅቷን ልብሷን ያስወለቃችኋት ለምንድነው?»

ኩራሞቺ ውሃውን እያየ «እኛ የታዘዝነውን ነው፣ እትዬ» አለ።

«ሞቱ ቢሏችሁ ትሞታላችሁ፤ ግፈፉ ቢሏችሁም ትገፍፋላችሁ። ያዘዛችሁን ሰውስ ለምን ብላችሁ ጠይቃችሁታል?»

አንዱ ታጥቦ ሳይጨርስ ልብሱን ለብሶ ወጣ።

ሳናዬ የመጣችው ሰንበት ብላ ነው። ፎጣዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ «አዩት?» አለች።

«አየሁት።»

«እና?»

ቶኩዮ አፏ ላይ የደረሰ ጥያቄ ነበራት፤ እምቢ ብትይስ ኖሮ የሚል። ዋጠችው። «እጅሽ ጎራዴ ይዞ የተወለደ ነው የሚመስለው» አለቻት። «ነይ፣ ውሃው ሳይቀዘቅዝ ግቢ።»

ሳናዬ ፎጣውን ለቀቀችና ገባች። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጧት፤ አንዷ ስለ ዳይኮን ሥራሥር ዋጋ፣ ሌላዋ ስለ ምራቷ ወሬያቸውን ቀጠሉ። ልጅቷ እስከ አንገቷ ውሃው ውስጥ ሰምጣ ዓይኗን ጨፈነች።

ሳናዬ ሁለት ፊልም ከሠራች በኋላ ሥራውን ትታ ወደ ባሕር ዳርቻ አገሯ ተመለሰች፤ የጃንጥላ ሱቅ ከፍታለች ተባለ። ኩራሞቺ ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ መሞቱን ቀጠለ። ሴት ልብሷን የምትገፈፍበት ትዕይንት ከሆነ ግን አልገባም ማለት ጀመረ ይሉታል፤ ራሱ አንድም ቀን አላወራውም።