መውጫው የጠፋኝ የሰቆጣ መናፈሻ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ሰኞ ጠዋት ነው። ሰቆጣ ከተማ ዳር ያለው ሰፊ ኮረብታ ለሕዝብ መናፈሻ ተከልሎ የእግር መንገድ ወጥቶለታል፣ እሑድ ይመረቃል ተብሏል። የጋዜጣችን አዘጋጅ የሰጠኝ ሥራ ቀላል ነበር፦ መንገዱን ሄጄበት፣ ንድፉን በእጄ ሥዬ፣ ለአንባቢ ጽፌ እንድመለስ።

አውቶቡሱ ደሴ አሳድሮን ኮረም ላይ አበቃ። ከዚያ ወዲያ ስኳር የጫነ መኪና ላይ፣ ጆንያ ተደግፌ ተጓዝኩ። መንገዱ ገደል ለገደል ይወርድና መልሶ ይወጣል፤ ሰቆጣ ስደርስ አቧራው ወፍጮ ቤት የዋልኩ አስመስሎኝ ነበር። አልጋ በሁለት ብር ያዝኩ፤ ፍራሹ ገለባ ነው፣ አንሶላው ግን ንጹሕ።

ሐሙስ

የመናፈሻው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሰይድ የሚባል ባለሱቅ ነው። አባቱም አያቱም በዚሁ ገበያ ጨርቅና ጨው ነግደዋል። በኖራ የተቀቡትን ድንጋዮች ከተከተልኩ ዞሬ ከበሩ እንደምወጣ ነገረኝና፣ ሱቁን የሚጠብቅለት ስላጣ ብቻዬን ላከኝ።

አወጣጡ ደስ ይላል። መንገዱ በወይራ ጥላ ሥር ያልፋል፣ መረብ ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ አለ፣ ከአናቱ ላይ የድንጋይ መቀመጫ ተሠርቷል፤ ከዚያ ሆኖ የዋግ አምባዎች አንዱ ከአንዱ ጀርባ ይታያሉ። ቁልቁል ስጀምር ግን ድንጋዮቹ ድንገት ወደ ግራ ጠመዘዙኝ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ላይ። ያው መቀመጫ ጋ ደረስኩ። እንደገና ሞከርኩ፤ እንደገና መቀመጫው። ብዙ አገር ዞሬ ዘግቤያለሁ፤ ከከተማ መናፈሻ መውጣት ያቅተኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

እንስራ ያዘለች ሴት አገኘሁ።

«ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«ወደ በሩ።»

«ታዲያ ለምን በመንገዱ ይሄዳሉ?» አለችና በራሷ ዱካ አወጣችኝ።

ሰይድ ሲያየኝ ሳቀ። «እርስዎም ጠፉ? እኔስ ብቻዬን ነኝ ብዬ ነበር።»

ነገሩን ሻይ እየጠጣን አስረዳኝ። ከደሴ በተላከው ንድፍ ላይ መንገዱ ከኮረብታው ቀጥ ብሎ ወርዶ በአባ ካሳ አውድማ ላይ ያልፋል። በዚህ አገር አውድማ በጫማ አይረገጥም፣ የእህሉ በረከት ይሸሻል። ስለዚህ ድንጋይ የሚደረድሩት ገበሬዎች አውድማው ጋ ሲደርሱ መንገዱን ወደ ጎን አጠፉት። ጎን ለጎን የጎረቤት አውድማ አለ፤ ወደዚያ መግፋት ነውር ስለሆነ ወደ ላይ መልሰው አጠፉት። በሁለቱ መካከል ያለው እሾህ አጥር ነው፤ የሰው አጥር ደግሞ ማን ያፈርሳል? መንገዱ መውጫ ያጣው እንዲህ ነው። ከደሴ የሚመጣው ተቆጣጣሪ ግን መንገዱ በንድፉ መሠረት ካልወጣ ተጠያቂው ሰይድ እንደሆነ አስቀድሞ አስታውቋል።

ዓርብ

አባ ካሳ ሽማግሌ ናቸው። በሬዎቻቸውን በኽምጣንጋ፣ በዋግ አገው ቋንቋ፣ እየተናገሩ እየነዱ ገብሱን ያበራያሉ፤ ለእኔ በአማርኛ ይመልሳሉ። የቤተሰቡ የዓመት ቀለብ እዚያ አውድማ ላይ ነው። ለማዝራት ነፋስ ይጠብቃሉ፤ ነፋሱ ግን እምቢ ብሏል።

«እኔ ሰው አይለፍ አላልኩም፤ ጫማ አይለፍ ነው ያልኩት» አሉ።

«አባ ካሳ፣ ከደሴ የሚመጣውን ሰውዬ ጫማህን አውልቅ የሚለው ማን ነው?» አለ ሰይድ።

«አንተ ነሃ። ሊቀ መንበሩ ማን ሆነና!»

«እኔ ልጆች አሉኝ።»

«ገብሱም ለልጆች ነው» አሉና ወደ በሬዎቻቸው ዞሩ።

እሑድ

ተቆጣጣሪው ቅዳሜ ደርሶ መንገዱ እንዲቃና አዞ ነበር። ድንጋዮቹ ቀጥ ብለው ተደርድረዋል፤ ግን ከአውድማው ወዲህና ወዲያ ብቻ። መሐሉ ላይ አንድም የለም።

ቀበሌውም ተማሪውም ከኮረብታው በሰልፍ ወረደ። የፊተኞቹ አውድማው ጋ ሲደርሱ ማንም ሳያዛቸው ጫማቸውን አውልቀው፣ በእጃቸው ይዘው፣ ዳር ዳሩን አለፉ። ሰይድም አወለቀ። እኔም ፈታሁ። ተቆጣጣሪው እስከ ቅልጥሙ በማሰሪያ የተጠላለፈ ቡትስ ተጫምቶ ቆመ። ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ የሰማሁትን ነገርኩት።

«ይሄ ንድፉ ላይ አለ?»

«የለም ጓድ።»

እግሮቹን አየ። አባ ካሳን አየ፤ እሳቸው መንሻቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ከዚያ ወደ ግራ ታጥፎ እሾህ አጥሩ ውስጥ ገባ። ሱሪው ሲቀደድ ተሰማ። አጃቢዎቹ ተከተሉት፤ ከኋላ የሚመጣው ሰልፍም ባለሥልጣን የሄደበት ነው መንገዱ ብሎ ተከተለ። በሩ ጋ ስንደርስ በሁለቱ አውድማዎች መካከል ሰፊ መንገድ ተከፍቷል። ሰይድ የኖራ ድንጋዮቹን ከሰዓት በኋላ ወደዚያ አዛወረ።

ሰውዬው የዞረው አክብሮ ነው ወይስ ማሰሪያው ረዝሞበት? ሰይድ ማሰሪያው ነው አለ። አባ ካሳ የገበሬ ልጅ ቢሆን ነው አሉ። ራሱን ጠየቅሁት፤ «መንገዱ ቀንቷል ብለህ ጻፍ» ብሎኝ መኪናው ውስጥ ገባ።

አዲስ አበባ ገብቼ የሣልኩትን ንድፍ ለአዘጋጁ ሰጠሁት። አውድማዎቹ ጋ የታጠፈውን መስመር በጣቱ ተከትሎ፣ እጄ ስቶ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልሳተም አልኩት። መንገድ የሚወጣው ሰው በሄደበት እንደሆነ ሰቆጣ አሳይቶኛል፤ ለምን እንደሄደበት ግን እስካሁን አላወቅሁም።