ውሃ ልክና የማይከደነው ዓይኑ

አናጢውን ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው «ውሃ ልክ» በሚል ቅጽል ስም ነበር። ሌላው አናጢ የጣውላን ቀጥ ማለት በውሃ ልክ መሣሪያ ሲለካ፣ እሱ ጫፉን ወደ ፊቱ አንስቶ፣ ግራ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በቀኙ አንዴ ያየውና «እዚች ጋ የጥፍር ያህል ጎብጧል» ይላል። ሲለካም የጥፍር ያህል ጎብጦ ይገኛል። በዚህ ሲኮራማ ለከት አልነበረውም፤ ምን ይዋሻል!

ኋላ ከጆሮው ጀርባ፣ ከራስ ቅሉ ሥር ዕጢ በቀለበት። አሥራ አንድ ሰዓት በፈጀ ኦፕራሲዮን አወጡለት። ነፍሱ ተረፈች፤ ሌላው ግን እንደ ነበረ አልተመለሰም። ግራ ጆሮው ደነቆረ። የፊቱ ግራ ጎን ወደ ታች ወረደ፤ ውሃ ሲጠጣ ባንድ ወገን ይፈስበታል። ሲራመድ ይንገዳገዳል፤ የማያውቁት የሰከረ መስሏቸው «ገና በጠዋቱ!» እያሉ ይስቁበታል። ከሁሉ የባሰው ግራ ዓይኑ ነው። አይከደንም፤ ሲነኩትም አይሰማውም።

«አባቴ፣ ይሄ ዓይን ቢቆስልም አያምዎትም» ብላው ነበር ሐኪሟ። «ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሰው ይይልዎ። ጠብታው እንዳይቋረጥ። አቧራም ሆነ ጨርቅ እንዳይነካው።»

የሚያገኘው ሰው ሁሉ «እንኳን ተረፍክ!» ይለዋል። እንኳን ተረፍክ የተባለ ሰው ምን ብሎ ያማርራል? ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም ነው እንጂ።

ባለቤቱ በየጠዋቱ መስኮት ሥር አስቀምጣ ዓይኑን በባትሪ ታየዋለች። «ወዲህ ዙር እንጂ! ሠላሳ ዓመት አብረኸኝ ኖረህ ዛሬ አፈርክ?» ስትለው በግማሽ ፊቱ ይስቃል። እሷም ቶሎ ብላ ጠብታውን ታንጠባጥብለታለች።

በስድስተኛው ወር ለጎረቤቱ ለባለሱቋ የመስኮት ፍሬም ልሥራ ብሎ ተነሳ። ጣውላውን አንስቶ ሊያነጣጥር ሲል ግራ ዓይኑ አልጨፈን አለው፤ አንዱ ጠርዝ ሁለት ሆኖ ታየው። እንደምንም በግምት ሠራው። ባለሱቋ «ይባረኩ ጋሼ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት» ብላ ተቀበለችው። በሳምንቱ በደጇ ሲያልፍ ሌላ አናጢ ያንን ፍሬም ነቅሎ አዲስ ሲገጥም አየ። ጎብጧል ብላ ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

«ቀጥ ያለ አንድ ፍሬም ካልሠራሁ ምኑን ተረፍኩት?» አላት ባለቤቱን።

«ዓይንህ ይበልጥብኛል። ወርክሾፑ ጋ ድርሽ እንዳትል!» አለችው።

ከዚያ ልጃቸው ሌላ ከተማ ወለደችና ባለቤቱ ልትረዳት ለአንድ ወር ሄደች። «ጠብታህን እንዳትረሳ፤ ዓይንህንም በመስታወት እይ። ማልልኝ!» አለችው። ማለላት። አይ የሱ መሐላ! አውቶቡሷ እንደተነሳ ወርክሾፑን ከፈተ። ግራ ዓይኑን በጨርቅ ጥፍንግ አድርጎ አስሮ ጣውላውን ቢያይ፣ ጠርዙ አንድ ሆነለት። የሐኪሟን ነገር ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሰጋቱራው ከጨርቁ ሥር እየገባ፣ ጨርቁም ያልተከደነውን ዓይን እየፈገፈገ ሰነበተ። ምንም አላመመውም፤ እንዴትስ ያመዋል? መስታወቱንም ቢሆን የተጣመመ ፊቱን ላለማየት ከግድግዳው ካወረደው ቆይቷል።

በአራተኛው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት ጨርቁን ማሰር ረስቶ ጣውላ አነሳ። አንድ ጠርዝ! ዓይኑን ማመን አቅቶት ደግሞ አየ። አንድ፣ ቀጥ ያለ ጠርዝ ነው።

«ዳንኩ!» ብሎ ባዶ ወርክሾፕ ውስጥ ጮኸ። ስልክ ሊደውልላት አሰበና፣ ከነገ ወዲያ ትመጣ የለ፣ መጥታ ትየው ብሎ ተወው። አንድ የመስኮት ፍሬም ጀምሮ በሁለት ቀን ጨረሰ። እውነተኛውን ውሃ ልክ ቢያስቀምጥበት አረፋዋ መሃል ላይ ቁጭ አለች። ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

ባለቤቱ ስትመጣ ሻንጣዋን እንኳ ሳታሳርፍ እጇን ይዞ ወደ ወርክሾፑ ጎተታት።

«መጨፈን የለ፣ ማሰር የለ! ሁለቱም ዓይኔ ተገልጦ አንድ ብቻ ነው የሚታየኝ። ድኛለሁ እኮ ነው የምልሽ!» አላት፤ ጣውላም አንስቶ እያነጣጠረ አሳያት።

እሷ ጣውላውን አላየችም። አገጩን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ግራ ዓይኑን ወተት የመሰለ ነጭ ነገር ሸፍኖታል። ከዚያ ቀኝ ዓይኑን በመዳፏ ጋርዳ፣ ሌላ እጇን ፊቱ ላይ አነሳች።

«ጣቴ ስንት ነው?»

ጣውላው ከእጁ ወደቀ።

«ጉም ነው» አለ። «አላመመኝም እኮ። ምንም አላመመኝም።»

«ሐኪሟ ምን ብላህ ነበር? ምን ብላህ ነበር አንተ ሰውዬ?» አለችና እንባዋ ቀደማት። መዳፏን ከቀኝ ዓይኑ ስታነሳ፣ እሱ ወደ ፍሬሙ ዞሮ ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰው።

«ፍሬሙ ግን ቀጥ ያለ ነው፣ አይደል?» አላት።

ፍሬሙን አየችው።

«ቀጥ ያለ ነው» አለችው። እውነቷን ነበር።