በሶላት ሰዓት ብቻ የሚከፈተው ገጽ

ገጹ የሚከፈተው በሶላት ሰዓት ብቻ መሆኑን መጀመሪያ ያስተዋለችው እናቴ ናት። አራት ዓመት ኮምፒውተር የተማርኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ግን ቀደመችኝ።

አባቴ በሕይወት ሳለ የግብርና ሠራተኛ ነበር። ሃያ ምናምን ዓመት አሰላ ላይ የዘነበውን ዝናብ በየቀኑ እየለካ በደብተር ይጽፍ ነበር። ያልዘነበበትን ቀን እንኳ አይዘልም፤ «ዝናብ የለም። ነፋስ። ገብሱ ደህና ነው» ብሎ ይጽፋል። ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ቤት በተቀመጥኩበት ጊዜ ደብተሮቹን ገጽ በገጽ ገልብጬ፣ ከተዘጋ ኢንተርኔት ቤት በተገዛ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አስገባኋቸው። ኮምፒውተሩ ስክሪን የለውም። ከእናቴ የልብስ ስፌት መኪና አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል። እናቴ ዳንቴል አልብሳዋለች። እኔ በላፕቶፔ፣ በቤታችን ዋይፋይ በኩል አድራሻውን ስጽፍ አንድ ገጽ ይከፈትልኛል፤ የፈለግኩትን ዓመት፣ የፈለግኩትን ወር ዝናብ ያሳየኛል።

ያሳየኝ ነበር ማለት ይሻላል። ሰኔ ላይ መከፈት አቆመ። ኮምፒውተሩ ያጉረመርማል፣ መብራቱ ይበራል፣ ገጹ ግን የለም። ገመድ ቀየርኩ። አጥፍቼ አበራሁ። ዳንቴሉን አነሳሁ፤ እናቴ መልሳ አለበሰችው። ጭራሽ ተስፋ ቆርጬ ዙህር ሰግጄ ስመለስ ገጹ ተከፍቶ ጠበቀኝ። ሩብ ሰዓት ሠርቶ ጠፋ። አስር ሶላት ላይም እንዲሁ፣ መግሪብም እንዲሁ።

«ዱዓሽ ደርሶ ነው» አለችኝ እናቴ። «ሱና ሶላት ጨምሪበት፣ ቶሎ ቶሎ አትጨርሺ።»

አላመንኳትም፤ ግን ጨመርኩበት። ለውጥ አላመጣም። አባቴ እንደሚያደርገው ደብተር ገዝቼ ገጹ የሚከፈትበትንና የሚጠፋበትን ሰዓት መጻፍ ጀመርኩ። በሳምንቱ ደብተሩ ከመስጊድ ግድግዳ ላይ የተገለበጠ የሶላት ሰሌዳ መሰለ። ዓርብ ዓርብ ቀትር ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆያል። ለአስተማሪዎቼ ባሳየው ምን እንደሚሉኝ ሳስብ ብቻዬን አፍራለሁ።

በዚሁ መሀል አዳማ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ለሥራ ያስገባሁትን ማመልከቻ ተቀብሎ ጻፈልኝ። ራስሽ የሠራሽውን አንድ ነገር ቤትሽ ሆነሽ በቪዲዮ አሳዪን፣ ጥያቄም እንጠይቅሻለን ይላል። ለሁለት ዓመት ስጠብቀው የነበረ መልስ ነው፤ ከዝናቡ ገጽ ሌላ የማሳየው ነገር የለኝም። ቀኑ ረቡዕ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ከንጋቱ ሱብሂም ከቀትሩ ዙህርም ከዚህ የራቀ ሰዓት ቢፈለግ አይገኝም።

ምሥጢሩን የፈታልኝ ለቅሶ ነው። ከግድግዳው ማዶ የሚኖሩት ጎረቤታችን፣ የአባቴ ጓደኛ ሀጂ፣ ዘመድ ሞቶባቸው አቦምሳ ከተማ ሄዱ። ሦስት ቀን ሙሉ ገጹ ሌት ተቀን ተከፍቶ ዋለ። እናቴ አላህን አመሰገነች። በአራተኛው ቀን የግቢያቸው በር ሲንኳኳና የሀጂ ሳል ሲሰማ ገጹ ዓይኔ እያየ ጠፋ።

ያኔ ገባኝ። ዋይፋያችን የድግስ ቤት አስተናጋጅ ማለት ነው፤ ለሚገባው ስልክ ሁሉ ባዶ ቦታ እያየ ቁጥር ቁጥሩን ይሰጣል። እኔ ግን ኮምፒውተሩን አስተናጋጁን ሳልጠይቅ አሥር ቁጥር ላይ በእጄ አስቀመጥኩት። አስተናጋጁ ቦታው ባዶ መስሎት አሥር ቁጥርን ለሌላ እንግዳ ሰጠ። ዝርዝሩን ስከፍት አሥር ቁጥር ላይ አንድ ስልክ ተቀምጧል። ሀጂ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል የያዙት በተገጠመ ቀን ነው። ጅዳ ካለች ልጃቸው ጋር እየተያዩ እንዲያወሩበት እናቴ ራሷ በግድግዳው ላይ ጮክ ብላ ነገረቻቸው፤ ሰፈሩም አብሮ ሰማ። መስጊድ ሲሄዱ ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው። ነገር ግን እርግጠኛ ሳልሆን ምንም መንካት አልወድም፤ እርግጠኛ ለመሆን ደግሞ የሀጂን ስልክ ማየት አለብኝ። የአባቴን ጓደኛ ስልክዎን ልይ ማለት ዋይፋዬን ይልቀቁ እንደማለት ይሰማብኝ ይሆን ብዬ ሦስት ቀን ፈራሁ። የምለውን በወረቀት ጻፍኩ። ማክሰኞ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ፈተናው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ወረቀቱን በእጄ ጨብጬ ሄድኩ። ሀጂ በራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ስልኩን ሳያመነቱ ሰጡኝ። አሥር ቁጥር።

«ምን አጠፋ?» አሉኝ።

«ምንም አላጠፋም። የእርስዎ ስልክና የእኔ ማሽን አንድ ቦታ ላይ ተቀምጠዋል። እርስዎ ሲወጡ ነው እሱ የሚታየው።» ነገ ሥራ የምጠየቅበት ቀን መሆኑንም ነገርኳቸው።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ነገር ሲከብዳቸው አፋን ኦሮሞ ይቀድማቸዋል። «ማን ቀድሞ ተቀመጠ?»

መዋሸት አልቻልኩም። «ማሽኑ።»

«እንግዲያው የሰው ቦታ ላይ ተቀምጬ ከርሜያለሁ።»

ግድግዳው ቀጭን ስለሆነ እናቴ ሁሉንም ሰምታለች። ከዚያኛው ወገን «ሀጂ፣ እንዴት ይሆናል» አለች። «ለትልቅ ሰው ታናሽ ይነሳል እንጂ። ማሽኑ ይነሳ።»

ሀጂ መስጊድ ውስጥ ቀድሞ የተቀመጠን ሰው ማንም እንደማያስነሳው ነገሯት። እናቴ ያ መስጊድ ነው፣ ይሄ ቤት ነው አለች። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ በግድግዳ ተከራከሩ፤ እኔን የጠየቀኝ የለም። የማሽኑን ቁጥር በአምስት ደቂቃ መቀየር እችላለሁ የሚለው ዓረፍተ ነገር አፌ ውስጥ ነበር። ወረቀቴ ላይ ግን አልነበረም። ዓረፍተ ነገሩ መውጫ ሲፈልግ አዛን አለና ሀጂ ተነሱ።

እሳቸው መግሪብ ሲሰግዱ ገጹ ተከፈተልኝ፤ በዚያው ገብቼ አሥርን ወደ ሁለት መቶ ቀየርኩት። አስተናጋጁ እዚያ ድረስ ሰው አያስቀምጥም። የሀጂ ሳል ከተመለሰ በኋላም ገጹ እንደተከፈተ ነበር። ወዲያው ሄጄ መንገር ነበረብኝ። እንደገና ማስቸገር አፈርኩና ነገ ጠዋት እነግራቸዋለሁ አልኩ።

ጠዋት ሀጂ የሉም። ሱብሂ እንደሰገዱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሳጉሬ ከተማ ሄደዋል። ለእናቴ «ልጅቷ እስክትጨርስ አልመለስም፣ ቦታውን ለቅቄላታለሁ» ብለዋታል። ደወልኩ። ስልካቸውን አጥፍተዋል፤ እንዳያስቸግረኝ።

ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ሻርፔን አስተካክዬ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ኢንተርኔት የለም። ወጥቼ ሳይ እናቴ የዋይፋዩን ሶኬት ነቅላ በእጇ ይዛ በር ላይ ቆማለች።

«ሀጂ የለቀቁትን ሌላ ጎረቤት እንዳይዝብሽ ነው» አለችኝ። «በሰዓቱ እሰካዋለሁ።»

በሕይወቴ እናቴን ተቆጥቼ አላውቅም። «እማ፣ አሁን ስኪው» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። ሰካችው። ትንንሾቹ መብራቶች አንድ በአንድ እስኪበሩ ድረስ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን እንደ ታማሚ አየነው። አራት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ላይ ሦስት ፊቶች ስክሪኑ ላይ መጡ።

ገጹ ተከፈተ። የአባቴን ዝናብ አሳየኋቸው። መልሶቼ አጫጭር ነበሩ፤ አንዷ ጠያቂ ሁለት ጊዜ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ አለችኝ። ከዚያ ማሽኑን ለምን ሁለት መቶ ቁጥር ላይ እንዳስቀመጥኩት ጠየቀችኝ። ከቁጥሩ ጀምሬ ልነግራት ስል ሶላቱ መጣ፣ አቦምሳ መጣ፣ ግድግዳው መጣ። ምን ያህል እንደተናገርኩ አላውቅም። ስጨርስ ሦስቱም እየሳቁ ነበር፤ መሀል የተቀመጡት ሰውዬ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«አሁን ሀጂ የት አሉ?» አለችኝ ሴትዮዋ።

«ሳጉሬ።»

እንደገና ሳቁ። ሰኞ ወረቀቶቼን ይዤ አዳማ እንድመጣ፣ ሥራ እንደምጀምር የነገሩኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ሀጂ የተመለሱት ከሰዓት ነው። ሳጉሬ ሄዶ ባዶ እጅ መመለስ ነውር ስለሆነ ግማሽ ጆንያ ድንች ይዘዋል። ወደ ቤታቸው ግን አልገቡም። የኛን በር አንኳኩተው፣ ያጠፉትን ስልካቸውን በእጃቸው ይዘው ውጭ ቆሙ።

«ጨረስሽ? ልግባ?» አሉኝ።

ሥራውን እንዳገኘሁ ነገርኳቸው። መረቁኝ። ከዚያ፣ ወረቀት ሳልይዝ፣ «ሀጂ፣ ማሽኑ ትናንት መግሪብ ላይ ተነስቶልዎታል» አልኳቸው። «ቦታው የእርስዎ ነው። ሳልነግርዎ የቀረሁት እኔ ነኝ።»

አሰቡበት። «እናትሽ ረታች ማለት ነው» አሉ።

«አዎ።»

«ባትነግሪያት ደስ ይለኛል» አሉና ጆንያውን ወደኔ ገፋ አደረጉት። ከግድግዳው ወዲህ እናቴ ስትስቅ ተሰማች።

የዚያን ቀን ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ይሄ ነው፦ «ረቡዕ። ገጹ ቀኑን ሙሉ ክፍት። ሀጂ ከሳጉሬ ተመልሰዋል። ድንቹ ደህና ነው።»