ሱሪዬን አውልቄ የወጣሁ ዕለት

ከፒያሳ የወጣሁት ሰዓት እላፊው እንዳበቃ፣ ገና ሳይነጋጋ፣ በእናቴ ቀሚስ ነው። ያን ሰሞን ሱሪ የለበሰች ልጃገረድ ሁሉ «ፀረ አብዮት» ነበረች፤ ጓደኞቼ ከነሱሪያቸው ተይዘው ወጥተው ቀሩ። እኔንም አንድ የቀበሌ ጥበቃ አራዳ ላይ በጥፊ አጩሎ፣ «ወንዳወንድ! ሁለተኛ በዚህ ሱሪ ባገኝሽ ወየውልሽ!» ብሎኛል።

እናቴ ሻሽ አስራልኝ፣ ነጠላዋን አልብሳኝ፣ አካሄድ ታስተምረኝ ጀመር።

«እርምጃሽን አታስፊ። እጅሽን አታወናጭፊ። ዓይንሽ መሬት መሬት ይይ።»

«እማዬ፣ ይሄማ ሽባ መሆን ነው!»

«ሽባ ሁኚና ኑሪልኝ» አለች።

ወደ አውቶቡስ ስንሄድ መታጠፊያው ላይ ማን ቢቆም ጥሩ ነው? ያው ባለጥፊው! ልማድ ሆኖብኝ እጄን ኪሴ ልከት ብል ቀሚሱ ኪስ የለውም፤ ጭኔን ስዳብስ ቀረሁ። ሰውየው ፊቴን እንኳ በቅጡ ሳያይ፣ «እትዬ፣ ለጠበል ነው? ይለፉ፣ ይለፉ» ብሎ መንገድ ለቀቀልኝ። በአንድ ሻሽ «እርስዎ» ሆኜ ቁጭ! ለካ ያ ሰው እኔን አያውቀኝም፣ የሚያውቀው ሱሪዬን ነው።

የመተማን በረሃ ከሌሎች ስደተኞች ጋር በእግር አቋርጬ ካርቱም ገባሁ። እናንተ፣ ሙቀቱን አታንሱት! ቸርችል ጎዳናን ይዞ የሚወርደውን የሐምሌ ብርድ ስረግም የኖርኩ ሴት፣ በናፍቆቱ አለቀስኩ። ቀሚሱን አጥቤ፣ ጨዋ መስዬ፣ ቤት ልከራይ ሄድኩ። ባለቤቲቱ ሐጃ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

«ላ፣ ላ! ይህን የሐበሻ ቀሚስ የሚለብሱት አረቄ ሻጮች ናቸው።»

በተሰባበረ አረብኛዬ፣ «ሐጃ፣ ይህ እኮ የእናቴ ቀሚስ ነው!» አልኳት።

«እናትሽም አረቄ ትሸጣለች?»

ጉድ በሉ! ፒያሳ ላይ እትዬ ያሰኘኝ ልብስ እዚህ አረቄ ሻጭ አደረገኝ። በማግስቱ ቶብ የሚሉትን ረጅም ጨርቅ ተጠቅልዬ ብመለስ፣ ያችው ሐጃ «ታማም! የጨዋ ልጅ!» ብላ ቁልፉን ከነሻዩ ሰጠችኝ።

ይህን ለእናቴ ነግሬ አብረን ልንስቅ፣ ፒያሳ ጎረቤታችን ያለው ወርቅ ቤት ስልክ ደውዬ አስጠራኋት። ስለ ታናሽ እህቴ ስለ ሰብለ ግን አስቀድሜ ጠየቅሁ።

«እማዬ፣ ሰብለ ሱሪዬን እንዳትለብስ አደራ!»

«ሱሪሽንማ የዚያኑ ዕለት አቃጠልኩት» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እሷንም ቀሚስ አለበስኳት። አካሄዱንም እንዳንቺው አስተማርኳት።»

«እና ደህና ናት?»

«ሱሪ ለባሾቹ ቀሚስ እየለበሱ አመለጡን ብለው፣ አሁን አንገቷን ደፍታ የምትሄደውን ሆነ የሚይዙት። ዳቦ ልኬያት ከመንገድ ወሰዷት።»

እናቴ በዚያ በኩል «ቀሚስ ለብሳ ነበር እኮ፣ ልጄ፤ ቀሚስ ለብሳ ነበር» እያለች ትደጋግማለች።