ሽመላ ልቆጥር ወጥቼ

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ሽመላዎች በመተማ ዮሐንስ ሰማይ ያልፋሉ። አስተማሪ ነኝና ትምህርት እስኪከፈት ድረስ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽሬን ይዤ ድንበሩ አጠገብ ካለች ጉብታ ላይ ተቀምጬ እቆጥራቸዋለሁ። ዛሬ እስከ ረፋድ ያየሁት ሰባት ብቻ ነው። ተስፋ ቆርጬ ልነሳ ስል ባለ ሱቋ እትዬ ዘሃራ መጡ።

ባለቤታቸው ለንግድ ማዶ ወዳለችው የሱዳን ከተማ ገላባት እንደተሻገሩ የሱዳኑ ጦርነት መንገዱን ከዘጋው ዓመት ከመንፈቅ ሆኗል። ስልካቸውም አይሠራም። እትዬ ዘሃራ በሐሳብ አልቀዋል።

«መምህር፣ ያ መነጽርህ ማዶ ያለ ሰው ያሳያል?»

«ያሳያል፣ እትዬ» ብዬ ሰጠኋቸው። መነጽሩ እንዳይወዛወዝ ክርናቸውን ደገፍኩላቸው። የቆርቆሮ ቤቶቹን፣ የቆሙትን መኪኖች፣ ሰዉን አንድ በአንድ ሲያዩ ቆዩ። እኔ በልቤ የተቃጠለ ሱቅ እንዳያዩ እጸልያለሁ።

ድንገት «አየሁት!» አሉ። «እሱ ነው! ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጧል!»

«አልሐምዱሊላህ!» ብዬ ጮህኩ፣ ክርስቲያኑ። «ደህና ናቸው?»

መነጽሩን ከዓይናቸው አላነሱም፤ እንባቸው ግን በጉንጫቸው ይወርዳል። የደስታ ለቅሶ መስሎኝ እኔም አብሬ ማልቀስ ቃጣኝ።

«ደህና ነው» አሉ በመጨረሻ። «ወፍሯል። ልጁን ታቅፏል፣ ሚስቱ ታጎርሰዋለች።»

«ሚስታቸው እርስዎ አይደሉ እንዴ?» አልኩ እንደ ጅል።

መነጽሩን መለሱልኝ።

«እኔም እስካሁን እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።»