የዘጠነኛ ቢን ደረጃ ያወጣሁ ዕለት

የፕሮግራም ሥራ የጀመርኩት ሰቆጣ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ዛሬ ገና የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ስለሆንኩ ልምዴ ብዙ አይደለም፤ ያለኝን ግን በጥንቃቄ እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ አቧራ መጥረግ ነበር። የትምህርት ቤታችን ብቸኛ ኮምፒውተር ሬከርድ ክፍል ውስጥ ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ይቀመጥ ነበር። የክፍላችን ኃላፊ መምህር ካሳዬ ጨርቁን ሲያነሱ እኔ ጫማዬን አወለቅሁ። እሳቸው ስቀው ጫማዬን እንዳደርግ ነገሩኝና ቤዚክ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚያስተምር፣ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ሰጡኝ።

መብራት ሲጠፋ ፕሮግራሙን ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፤ ሲመጣ ወደ ኮምፒውተሩ እገለብጣለሁ። መጀመሪያ ስሜን ሃያ ጊዜ እንዲጽፍ አዘዝኩት። ሳያጉረመርም ጻፈ። ታናሽ ወንድሜ እንኳ እንዲህ ታዞኝ አያውቅም።

ሰኔ ላይ መምህር ካሳዬ የክፍላችንን የአርባ ስምንት ተማሪዎች ደረጃ በፕሮግራም እንዳወጣ ፈቀዱልኝ። ምክትል ርእሰ መምህሩ ግን ሥራው ከተበላሸ ኮምፒውተሩን ከዚያ በኋላ ተማሪ እንደማይነካው አስጠነቀቁን።

ወረቀቱ ሲታተም አማካዮቹን ሦስት ጊዜ አየኋቸው። ትልቁ ከላይ፣ ትንሹ ከታች፤ አንድም አላፈነገጠም። ስሞቹን በማስመሪያ ከልያቸው ነበር። የሰውን ደረጃ ከወላጁ ቀድሞ ማየት ነውር መስሎኝ ነው።

ካርድ በሚሰጥበት ቀን ወላጆች ክፍላችን ውስጥ ተቀመጡ፤ ምክትል ርእሰ መምህሩም ተገኙ። መምህር ካሳዬ ወረቀቱን አንስተው አንደኛ አለሙ መሆኑን አነበቡ። አለሙ ከመጨረሻው ዴስክ ተነሳ።

«ቲቸር፣ ፊዚክስ የወደቅኩት እኮ እኔ ነኝ።»

አባቱ ከአጎራባቹ ዝቋላ ወረዳ በእግራቸው መጥተው ነበር። «ዝም በል» አሉት። «ማሽን እንዳንተ አይዋሽም።»

ክፍሉ ሳቀ። ሁለተኛ አመልማል፣ ሦስተኛ አስናቀ፣ አራተኛ አያልነሽ ተባለ። አምስተኛ በላይ ሲባል ምክትሉ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ካሳዬ፣ ደረጃ ነው የምታነበው ወይስ ስም እየጠራህ ነው?»

ያኔ ገባኝ። የተማሪው ስምና ውጤት የሰፈረበት ሮስተር በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ የተጻፈ ነው። ፕሮግራሜ አማካዮቹን ከቦታ ቦታ ሲያዘዋውር ስሞቹን እነበሩበት ትቷቸዋል። ስሜ ዝናሽ ስለሆነ መጨረሻ የምወጣው እኔ ነበርኩ። ዝም ብል ደግሞ ጥፋቱ በኮምፒውተሩ ይላከካል፤ ጨርቁንም መልሶ ይለብሳል።

ተነሳሁና «ስህተቱ የኔ ነው፤ የኮምፒውተሩ አይደለም። አሥር ደቂቃ ይስጡኝ» አልኩ።

ምክትሉ ሰዓታቸውን አይተው ስምንት ፈቀዱ።

መብራቱ እንዳይጠፋ እየጸለይኩ፣ ስሞቹንም አብረው የሚያዘዋውሩ ሦስት መስመሮች ጨመርኩ። አዲሱ ወረቀት ሲነበብ አንደኛ ታደሰ ሆነ፤ እኔ ስድስተኛ፣ አለሙ አርባ አንደኛ። የአለሙ አባት ልጃቸውን በአገሬው ቋንቋ በኽምጥኛ ጥቂት ተናገሩትና ወደኔ ዞሩ።

«ከስንት ነው አርባ አንደኛ?»

«ከአርባ ስምንት፣ አባባ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ታዲያ ሰባት ሰው አሸንፏል» አሉ። «ይኼኛውስ እውነት ነው?»

እውነት መሆኑን በእጅ አስልቼ አሳየኋቸው። ምክትሉም ከኋላዬ ቆመው አብረው አሰሉ። ሲጨርሱ የዘጠነኛ ኤ ክፍልን ሮስተር አምጥተው ሰጡኝ፤ ስሞቹን ግን ራሳቸው እንደሚያዩ ነገሩኝ።

ዛሬም ፕሮግራም ስጽፍ ውጤቱ የተስተካከለ መምሰሉ አይበቃኝም። ሁለት ሦስት ሰው ከነስሙ መርጬ በእጅ አስልቼ ሳላመሳክር ሥራ አላስረክብም።